ጎጆው ሻላ፣ ማዕዱ አቢጃታ

ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ በኩል ወደ ሻሸመኔ የሚጓዝ ተማሪ መቂን፣ ባቱን (የቀድሞዋን ዝዋይ)፣ አዳሚ ቱሉንና ቡልቡላን ካለፈ በኋላ በስተቀኙ አቢጃታን፣ በስተግራው ላንጋኖን ያገኛል። ከአቢጃታ በስተደቡብ፣ ከጠባብ ሸንተረር ማዶ፣ ሻላ ይገኛል። ብዙዎቻችን የእነዚህን ሐይቆች ስምና ስፋት በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ሸምድደናል። አንዱ ሐይቅ ከሌላው ጋር በምን እንደተሳሰረ ግን እምብዛም አልተማርንም።

ይህን ትስስር ከሁሉ ይልቅ ገልጦ የሚያሳየው ነጩ ፔሊካን ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ኤሚል ኧርባን፣ ከሌስሊ ብራውን ጋር ሆኖ በሻላ ደሴት ላይ የሚራቡትን ፔሊካኖች አጥንቶ ነበር፤ የጥናታቸው ውጤትም በ1969 ታትሟል። የነገሩ ፍሬ የሚከተለው ነው። ሻላ 266 ሜትር የሚጠልቅ ጨዋማ ሐይቅ ስለሆነ ለፔሊካን መንጋ የሚበቃ ዓሣ የለውም፤ ደሴቶቹ ግን ጅብና ቀበሮ የማይደርሱባቸው የእንቁላል መጠበቂያ ናቸው። አቢጃታ በአንጻሩ ጥልቀት የሌለው፣ ቆሮሶ የሚርመሰመስበት ሐይቅ ነበር። ስለዚህ ወፎቹ ጎጆአቸውን በሻላ፣ ማዕዳቸውን በአቢጃታ አደረጉ። ጠዋት ፀሐይዋ ምድሩን አሙቃ አየሩ ወደ ላይ መነሣት እስኪጀምር በትዕግሥት ይጠብቃሉ፤ ከዚያም ክንፋቸውን ዘርግተው፣ ብዙም ሳያርገበግቡ፣ እየዞሩ ከፍ ይሉና ሸንተረሩን ይሻገራሉ። አንድ ጎልማሳ ፔሊካን በቀን አንድ ኪሎ ግራም ያህል ዓሣ ይፈልጋል። ጫጩቱ ለመብረር ከሁለት ወር በላይ ይወስድበታል፤ ያን ሁሉ ጊዜም ወላጆቹ ከማዶ ይዘው የሚመለሱትን ይጠብቃል።

እንግዲህ ይህ ትስስር የተበጠሰው በየት በኩል ነው? በደሴቱ በኩል አይደለም። አቢጃታ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው፤ ከዝናብ ሌላ የሚቀበለው ውሃ በዋናነት ከባቱ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖ ደግሞ በሆራ ከሎ በኩል የሚመጣው ነው። የገባው ውሃ የሚወጣው በትነት ብቻ ስለሆነ ጨዉ እዚያው ይቀራል። በመቂ፣ በከታር፣ በባቱና በቡልቡላ ዙሪያ የመስኖ እርሻ እየተስፋፋ ሄደ፤ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮም በሐይቁ ዳር ለሶዳ አሽ ማምረቻ ውሃ ይሳብ ጀመር። ሐይቁ ከ1970ዎቹ ጋር ሲነጻጸር ስፋቱን በግማሽ ገደማ አጣ፤ ጨዋማነቱ ናረ፤ ቆሮሶው ተመናመነ። ጎጆው እንዳለ ሆኖ ማዕዱ ታጠፈ፤ የሻላ የፔሊካን ሠፈርም አሽቆለቆለ። ዛሬ ፔሊካንን በቅርብ ለማየት የሚሻ ሰው የሚሄደው ወደ ባቱ ዳርቻ ነው፤ እዚያ ከአባ ኮዳ ጋር እየተጋፋ ከዓሣ አጥማጆች የሚጣል የሆድ ዕቃ ሲጠብቅ ያገኘዋል። ለፎቶግራፍ ደስ የሚል ትዕይንት ነው፤ እኔን ግን ደስ አይለኝም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ቅሬታ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ስለ ብዝሃ ሕይወት ስንናገር የምንቆጥረው ዝርያን ብቻ ነው። ነጭ ፔሊካን በአገራችን ብቻ የሚገኝ ብርቅዬ ወፍ አይደለም፤ በዓለም አቀፉ መዝገብም ለመጥፋት ከተቃረቡት ወገን አልተመደበም። ስለዚህ በዝርዝራችን ላይ ምንም የጎደለ ነገር አይታይም። እንዲያውም ጨዋማ ውሃን የሚለምዱትና በአልጌ የሚኖሩት ፍላሚንጎዎች፣ ዓሣ በሎቹ በመነመኑበት ዘመን በዝተው ስለታዩ፣ ቁጥር ብቻ የሚያይ ጎብኚ «ሐይቁ ደህና ነው» ብሎ ሊመለስ ይችላል። የጠፋው ዝርያ ሳይሆን ዝምድና ነው፤ ዝምድና ደግሞ በዝርያ ዝርዝር ውስጥ ዓምድ የለውም።

የብሔራዊ ፓርኩም ችግር ከዚሁ የተለየ አይደለም። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድንበሩ ሲሰመር ሁለቱን ሐይቆችና የግራር ዱሩን አቀፈ፤ የሐይቁን ውሃ የሚሰጡት መቂና ከታር ግን ከመስመሩ ውጭ ቀሩ። (በድንበሩ ውስጥ ያለው ግራርም ቢሆን ለከሰል እየተቆረጠ መሆኑን በአውራ ጎዳናው ዳር የሚደረደረውን ጆንያ ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ እርሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።)

የመቂን ገበሬ ለመውቀስ አልተነሣሁም። እርሱ የሚያመርተው ሽንኩርትና ቲማቲም የአዳማንና የአዲስ አበባን ገበያ ይመግባል፤ ልጆቹንም ያስተምርበታል። «ፔሊካን ይብላ፣ እናንተ ጹሙ» የሚል የተፈጥሮ ጥበቃ ሰሚ አያገኝም፤ ሊያገኝም አይገባውም። የምቃወመው ከላይ ለሚገኝ ፓምፕ ፈቃድ ሲሰጥ የመጨረሻው ሐይቅ እንደ ውሃ ተጠቃሚ አለመቆጠሩን ነው። ለአቢጃታ በየወሩ ሊደርስ የሚገባው ዝቅተኛ የውሃ መጠን በቅድሚያ ተወስኖ፣ የቀረው ለመስኖ ቢደለደል፣ ገበሬውም ሆነ ባለሀብቱ በምን ያህል ውሃ ላይ ማቀድ እንዳለበት አስቀድሞ ያውቃል። ዛሬ ያለው አሠራር ግን የቀደመ ይጠጣ ዓይነት ነው።

መጠኑን ለመወሰን ደግሞ ልኬት ያስፈልጋል። የባዮሎጂ ተማሪ ወፍ ይቆጥራል፤ የውሃ ምህንድስና ተማሪ ፍሰት ይለካል፤ ሁለቱ ግን በአንድ ግቢ ውስጥ እየኖሩ ደብተር አይለዋወጡም። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ያጣችሁ ካላችሁ፣ አውቶቡሱ ቡልቡላ ሲደርስ ውረዱና በበጋ ወራት ከድልድዩ ሥር ምን ያህል ውሃ እንደሚያልፍ ተመልከቱ። ፍሰቱ ፈጽሞ የሚቋረጥበት ዓመትም አለ።