«ሌባ» ያልነው ዳኛ መጽሐፍ ይጻፍልን!

አዳማ አበበ ቢቂላ ስታዲየም ገብቶ «ሌባ! ሌባ!» ሳይል የወጣ እጁን ያውጣ። እኔም ብያለሁ፤ ያውም ፍጹም ቅጣት ምቱ ልክ እንደሆነ ከጎኔ የተቀመጡት ሽማግሌ እየነገሩኝ።

ግን እስቲ ልጠይቃችሁ። ብሔራዊ ቡድናችን ዓለም ዋንጫን በቴሌቪዥን እንጂ በእግሩ ረግጦት አያውቅም። ዳኞቻችን ግን ረግጠውታል! ሥዩም ታረቀኝ በ1970 (እ.ኤ.አ.) ሜክሲኮ ላይ ስዊድንና እስራኤልን በመሃል ዳኝነት አጫውቷል፤ አንድ ለአንድ ነው የተለያዩት። ጅማ ያደገችው ፋርማሲስት ሊዲያ ታፈሰ በ2015 እና በ2019 ለሴቶች ዓለም ዋንጫ ተመርጣ ሄዳለች። ባምላክ ተሰማም በ2018 ለሩሲያው ተመርጧል። ስንቶቻችን እናውቃለን? የአርሰናልን ተቀያሪ በረኛ ስም ግን ከእንቅልፋችን ቢቀሰቅሱንም እንናገራለን።

አሜሪካኖቹ በእጅ የሚጫወቱትን ነገር «ፉትቦል» ማለታቸው የራሳቸው ጉዳይ ነው። የእነሱ ዳኛ ጄሪ ማርክብሬት ግን ገና ሜዳ ላይ እያለ፣ በ1988፣ የሕይወት ታሪኩን አሳትሟል። እኔ መጽሐፍ መደብር ሄጄ «የዳኛ ማስታወሻ አለ?» ስል ሻጩ የፍርድ ቤት ዳኛ መስሎት የወንጀል ሕግ አወጣልኝ።

ጥፋቱ የእኛ ብቻ አይደለም። እናንተ ፊሽካ የሰቀላችሁ ዳኞች፣ ዝምታችሁ ጨዋነት እንዳይመስላችሁ! ማን ሊያስፈራራችሁ ሞከረ? ማን ሊደልላችሁ መጣ? የትኛው ውሳኔ እንቅልፍ ነሳችሁ? ጻፉት። የመጀመሪያውን ቅጂ እኔ እገዛለሁ፤ ብቻ ያቺን ፍጹም ቅጣት ምት እንዳትዘሉብኝ።