ኮሩን ሳይሆን ዋቱን ቁጠሩ

ያገለገለ ዎርክስቴሽን ገዝተው ቤታቸው ውስጥ ሰርቨር ለማድረግ የሚያስቡ ወዳጆች በዝተውልኛል። ሐሳቡን አልነቅፍም። ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ ወይም ገበዝ ማርያም ለሚኖር ሰው የራሱ የመረጃ ማከማቻ ቢኖረው ቅንጦት አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ሲቆጠሩ ነገሩ ምን እንደሚመስል ሁላችንም አይተነዋል። የአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት ታትመው ለሁሉም ስላልተዳረሱ የብዙ ተማሪ መጽሐፍ በቴሌግራም የሚወርድ ፒዲኤፍ ነበር። ቀድሞ ያወረደ አነበበ፤ ያላወረደ ፍላሽ ይዞ ጓደኛውን ደጅ ጠና።

በ1990ዎቹ ማብቂያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ትምህርትም ከዚህ የራቀ አልነበረም። መምህሩ በሳተላይት ነበር የሚመጣው፤ በዚያ ሰዓት መብራት ከሄደ ትምህርቱ አለፈ።

ለዚህ ችግር መላ ቀድመው ያገኙት ሜሞሪ የሚጭኑ ሱቆች ናቸው። አንድ ኮምፒዩተር ላይ መዝሙሩን፣ ዘፈኑን፣ ስብከቱንና ፊልሙን አከማችተው ኔትወርክ ኖረም አልኖረም ይሠራሉ። የቤት ሰርቨር ከእነሱ የሚለየው ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ በዋይፋይ ማካፈሉ ነው። የምርጫው ቁልፍም ያለው እዚሁ ላይ ነው፤ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ዕቃ የሚገዛው በጉልበቱ ሳይሆን በቀለቡ ነው።

ወደ ሱቅ እንግባ። ሻጩ እንደ ኤችፒ ዜድ 440 ያለ ግዙፍ ማሽን ጠረጴዛ ላይ ያወጣል። እጀታውን ሳብ ሲያደርገው የጎኑ ክዳን ያለ ካቻቪቴ ይከፈታል፤ ውስጡ ስምንት የራም ማስገቢያና ባለ ስድስት ኮር ዚዮን ፕሮሰሰር። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የኢንጂነሮች ማሽን ነው!» ይላል። እውነቱን ነው። ለ3ዲ ንድፍና ለቪዲዮ ቅንብር ታስቦ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ እስካሁንም ጉልበቱ ያልደከመ ዕቃ ነው። ለቤተሰብ ፎቶና ለፒዲኤፍ ማካፈያ ግን አንድ ቁና ጤፍ ለማስፈጨት ወፍጮ ቤት እንደ መትከል ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። እንዲህ ያለ ማሽን ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ እንኳ 70 ዋት ገደማ ይበላል። በቀን 1.7፣ በወር 50 ኪሎ ዋት ሰዓት መሆኑ ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ የመጀመሪያው ዝቅተኛ እርከን የሚያበቃው ደግሞ 50 ላይ ነው፤ ምጣዱ ሳይጣድ፣ አምፖሉ ሳይበራ ሰርቨሩ ብቻውን ጨርሶታል። በአንጻሩ እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ ወይም ሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ ያለው፣ መጽሐፍ የሚያህለው ያገለገለ ኮምፒዩተር ያለ ሥራ ሲቀመጥ 12 ዋት ገደማ ይበቃዋል። በወር ዘጠኝ አይሞላም።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው መብራት ሲጠፋ ነው። በትንሹ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ በወረቀት ላይ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። ዎርክስቴሽኑ ግማሽ ሰዓት ቢያገኝበት ነው፤ ትንሹ ኮምፒዩተር ግን ለሰዓታት ይቆያል። በሶላር ለማሠራት ለሚያስብ ገጠሬማ ክርክሩ ገና ሳይጀመር አልቋል።

ሌላው መለዋወጫ ነው። የዜድ 440 ፓወር ሰፕላይ ለራሱ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ከተራ ዴስክቶፕ ነቅሎ መተካት አይቻልም። የሚቀበለው ራምም የሰርቨር ዓይነት ነው፤ ሱቅ ውስጥ የተደረደረው የዴስክቶፕ ራም አይሆነውም። የትንሹ ኮምፒዩተር መብራት መቀበያ ግን የላፕቶፕ ቻርጀር መሰል አዳፕተር ነው፤ ባህር ዳር ወርዶ ተስማሚ ማግኘት አይከብድም።

ትልቁ ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። ለትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍል፣ ብዙ ተማሪ በአንዴ ለሚጠቀምበት፣ ሦስት አራት ሃርድ ዲስክ ለሚያስፈልገው ዎርክስቴሽኑ ትክክለኛ ግዢ ነው። ራሙ ስሕተቱን ራሱ የሚያርም መሆኑም ለመዝገብና ለውጤት ጥበቃ ይጠቅማል። እዚያ የሚበላው ዋት ለብዙ ሰው ይከፋፈላል። ኪዊክስ በተባለው ነጻ ፕሮግራም 100 ጊጋ ባይት ገደማ የሆነውን የእንግሊዝኛ ዊኪፔዲያ እንዳለ፣ በኮሊብሪ ደግሞ የትምህርት ቪዲዮዎችን ያለ ኢንተርኔት ማዳረስ ይቻላል። ይህን ለአንድ ቤተሰብ ማካፈሉን ግን ትንሹም አያቅተውም።

የትኛውንም ስትገዙ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት ሁለት ነገር አስፈትሹ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ፕሮግራም አስከፍታችሁ ዲስኩ ስንት ሺህ ሰዓት እንደሠራና የተበላሸ ክፍል እንዳለው ተመልከቱ። ቀጥሎ ባዮሱ ውስጥ ገብታችሁ መብራት ሲመለስ ራሱን እንዲያበራ አዝዙት፤ ገመዱን ከሶኬት ነቅላችሁ ጥቂት ቆይታችሁ መልሱት። ሰዓቱንና ትእዛዙን ረስቶ ከተነሣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባል ክብ ባትሪ ሞታለች ማለት ነው። ዋጋዋ ትንሽ ነው፤ ካልተቀየረች ግን ሌሊት መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሰርቨራችሁ ጠዋት ጠፍቶ ይጠብቃችኋል።

ከትልቁ ወደ ትንሹ ስትወርዱ የሚተርፋችሁን ብር ሁለተኛ ዲስክ ግዙበት። ሁሉን ገልብጣችሁበት እናታችሁ ወይም ወንድማችሁ ቤት አስቀምጡት፤ ሌባም እሳትም ሁለቱን ቤት በአንድ ቀን አያገኛቸውም። ከተጨማሪ ኮር ይልቅ መረጃችሁን የሚያድነው ይሄ ነው።