ቡችላዋ ስትንቀጠቀጥ

አንዲት የኮልፌ ቀራንዮ ልጅ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «የሁለት ወር የፈረንጅ ቡችላ አለችኝ፤ ከመዳፌ ብዙም አትበልጥም። ጠዋት ጠዋት ትንቀጠቀጣለች፣ ትዝለፈለፋለች። ቤተሰቦቼ ‹ለውሻ ደግሞ ሐኪም!› እያሉ ይስቁብኛል። እኔ ግን ትንፋሿን ሳዳምጥ አድራለሁ። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ይሳቁ ግድ የለም! ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሉሉ የሚባል ትንሽዬ ውሻ ነበራቸው።

ትንንሽ ቡችሎች በሰውነታቸው የሚያከማቹት ስኳር ጥቂት ነው። ሳይበሉ ሲያድሩ ይወርድባቸዋል፤ መንቀጥቀጡ ከዚያ ሊሆን ይችላል። በቀን 4 ጊዜ ትንሽ ትንሽ አብያት፤ ከመተኛትሽ በፊትም አትርሺያት። ስትዝለፈለፍ ድዷን ማር ቀቢያት፣ አሙቂያት፣ ወዲያው የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። ራሷን ከሳተች በአፏ ምንም እንዳታንቆረቁሪ!

የወጥ ትራፊ ይቅርባት፤ ቀዩም ነጩም ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። የሰው ፓራሲታሞልማ ጭራሽ እንዳታስቢው።

ትውከትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካየሽ «ነገ ይሻላታል» ብሎ ነገር የለም። ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ ቡችላን በጥቂት ቀን ይገድላል። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ይጀመራል፤ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይዘልቃል። እስኪያልቅ ድረስ ከሰፈር ውሾች ጋር አትልቀቂያት። 3 ወር ሲሞላት ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አለ፤ እሱ ለሷ ብቻ ሳይሆን ለሚስቁብሽም ጭምር ነው!

እኔ የምመክርሽ፣ ሌሊቱን አፍጥጠሽ ከምታድሪ የበላችበትን ሰዓትና ክብደቷን ደብተር ላይ ጻፊ። ሐኪሙን የሚረዳው እሱ ነው። ፍቅር ጥሩ ነው፤ ግን ክትባት አይሆንም። በሉ፣ ሳምንት ሰው ይበለን!