የጃፓን ካርድ ሀብት ነው ወይስ ወረቀት?

ሎስ አንጀለስ የሚኖር የአክስቴ ልጅ በጥር 2025 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሌሊት ስልክ ደወለልኝ። ሰላምታው እንኳ በቅጡ ሳያልቅ፣ «አንተ ኢኮኖሚክስ ተምረሃል፤ እስቲ ፍረደኝ» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ለቤት መግዣ ካጠራቀመው ገንዘብ 12 ሺህ ዶላር አውጥቶ ሮኪ ሳሳኪ የሚባል የ23 ዓመት ጃፓናዊ ቤዝቦል ተጫዋች ካርዶች ሊገዛበት ተነሥቷል። ሚስቱ ደግሞ «ቤታችንን በወረቀት ልትለውጠው ነው?» ብላ አኩርፋለች።

እኔም መጀመሪያ ሳቅሁ። በኋላ ግን ነገሩን ሳጠናው፣ የዚህ አምድ አንባቢዎች በየቀኑ የሚያነሡት ጥያቄ ሆኖ አገኘሁት። ለመሆኑ አንድ ዕቃ ዋጋ ስላለው ብቻ ሀብት ይባላል?

በቅድሚያ ገበያውን እንተዋወቀው። ካርዱ የተጫዋቹ ፎቶግራፍ፣ ስሙ፣ ክለቡና የውጤት አኃዙ የታተመበት፣ በመዳፍ የሚያዝ ጠንካራ ወረቀት ነው። በጃፓን ይህን ነገር በየሱቁ ያደረሰው ካልቢ የተባለው የምግብ ኩባንያ ሲሆን፣ ከ1973 ጀምሮ ካርዱን ከሚሸጠው መክሰስ ጋር እየመረቀ ሲያወጣ ኖሯል። በ1991 ደግሞ ቢቢኤም የተባለው አሳታሚ ካርዱን ለብቻው በታሸገ ፓኬት መሸጥ ጀመረ። ገዢው ፓኬቱን ሳይከፍት የማን ካርድ እንደደረሰው አያውቅም። ሰብሳቢዎች አብልጠው የሚፈልጉት የተጫዋቹን የመጀመሪያ ካርድ ነው፤ ይኸውም ገና ስሙ ሳይታወቅ የታተመውን።

የዚህ ገበያ ትልቁ ተረት፣ እውነተኛ ተረት፣ ኢቺሮ ሱዙኪ ነው። በ1993 ቢቢኤም ካርዱን ሲያትም ኢቺሮ በኦሪክስ ክለብ ብዙ ጊዜ የማይሰለፍ ልጅ ነበር። በዚያ ዓመት በ43 ጨዋታዎች ተሰልፎ የተሳካ ምቱ 12 ብቻ ነበር። ያን ካርድ ከፓኬት ያወጣ ሰው ወደ መሳቢያ ቢወረውረው የሚወቅሰው አልነበረም። በዓመቱ ግን አሠልጣኝ ተለወጠና ኢቺሮ 210 የተሳካ ምት መታ፤ በጃፓን ሊግ በአንድ ዓመት ከ200 በላይ የመታ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ2001 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በመጀመሪያ ዓመቱ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በ2025 ከ394 መራጮች የ393ቱን ድምፅ አግኝቶ ወደ አሜሪካ ቤዝቦል የክብር አዳራሽ ገባ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስላ። በዚህ ካርድ ያተረፈው ማን ነው? በ2001 ጋዜጣ አንብቦ የሮጠው አይደለም። እርሱ የገዛው ዜናው ከነዋጋው ከገባበት በኋላ ነው። ያተረፈው፣ በ1993 እና በ1994 ጨዋታውን በየዕለቱ ይከታተል የነበረውና ካርዱን ስለወደደው ያስቀመጠው ነው። እንግዲህ በዚህ ገበያ ዜና የሚሰማ ሰው ለሚከታተል ሰው ትርፍ ይከፍላል ማለት ነው።

መከታተልም ቢሆን ዋስትና አይሆንም። በ2006 መጨረሻ ኒው ዮርክ ያንኪስ የሀንሺን ታይገርሱን ኳስ ወርዋሪ ኬይ ኢጋዋን ለማነጋገር ብቻ ለክለቡ 26 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ለራሱ ለተጫዋቹም የ5 ዓመት የ20 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጠው። ያንኪስ ተጫዋች መልማዮችን በየአገሩ የሚያሰማራ ባለጸጋ ክለብ ነው። ይሁንና ኢጋዋ በአሜሪካ ዋናው ሊግ ያሸነፈው 2 ጨዋታ ብቻ ነው። ያ ሁሉ ባለሙያ የተሳሳተበትን፣ ማታ ከሥራ መልስ ቴሌቪዥን የሚያየው የአክስቴ ልጅ አይሳሳትበትም ማለት ይከብዳል።

ሌላም አለ። የተጫዋቹ ዋጋ ሁልጊዜ የችሎታው መለኪያ አይደለም። የኦሪክሱ ዮሺኖቡ ያማሞቶ በታኅሣሥ 2023 ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ጋር በ325 ሚሊዮን ዶላር ሲፈራረም፣ በደንቡ መሠረት የቀድሞ ክለቡ 50.6 ሚሊዮን ዶላር ያህል አገኘ። ሳሳኪ በጥር 2025 ወደዚያው ክለብ ሲሄድ ግን የተከፈለው 6.5 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ክለቡ ቺባ ሎቴ ያገኘው 1.6 ሚሊዮን ገደማ ነው። ሳሳኪ በ2022፣ በ20 ዓመቱ፣ አንድም ተጋጣሚ ቤዝ ሳያስረግጥ ሙሉ ጨዋታ የጨረሰ ልጅ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ዕድሜ ነው፤ ከ25 ዓመት በታች የሆነ የውጭ ተጫዋች ከተወሰነ ጣሪያ በላይ እንዳይከፈለው የአሜሪካው ሊግ ደንብ ይከለክላል። ልብ በሉ፤ በዚህ ሁሉ ገንዘብ ውስጥ ካርዱን የያዘ ሰው አምስት ሳንቲም ድርሻ የለውም። ላም ትወልዳለች፣ ቤት ይከራያል፣ አክሲዮንም ትርፍ ሲገኝ ያካፍላል። ካርድ ግን የሚከፍለው ሌላ ሰው ከእናንተ አስበልጦ ሲወደው ብቻ ነው።

ወደ ኮሪያ ስንሻገር ችግሩ መልኩን ይለውጣል። የኮሪያ ሊግ በ1982 በ6 ክለቦች ሲጀመር ታላላቅ ተጫዋቾች አላጣም። ሪዩ ህዩን-ጂን በ2006 በመጀመሪያ ዓመቱ ምርጥ ጀማሪም ምርጥ ተጫዋችም ተባለ፤ በ2012 መጨረሻ ዶጀርስ ለክለቡ ሀንዋ 25.7 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ወሰደው። ትከሻውን ታሞ ሁለት ዓመት ያህል ከሜዳ ራቀ፤ ተመልሶ በ2019 ተጋጣሚዎች እንደ ልብ የማያስቆጥሩበት የሊጉ ቀዳሚ ወርዋሪ ሆነ፤ በ2024 ወደ አገሩ ክለብ ገባ። ሊ ጁንግ-ሁ ደግሞ አባቱ «የንፋስ ልጅ» የሚባል ዝነኛ ስለነበር ራሱ «የንፋስ የልጅ ልጅ» ይባላል፤ በ2023 መጨረሻ ከሳን ፍራንሲስኮ ጋር በ113 ሚሊዮን ዶላር ተፈራርሟል። የእነዚህን ሰዎች ሕይወት መከታተል ራሱ ደስ ያሰኛል። የኮሪያ ካርድ ግን እንደ ጃፓኑ ሳይቋረጥ የታተመ አይደለም። ያለው ጥቂት ነው፤ ፈላጊውም ጥቂት ነው። ባለካርዱ «ይህ በገበያ የለም» ይላችኋል፤ እውነቱን ነው፤ ገዢውም በገበያ የለም። ዋጋ አለው ማለትና ገዢ አለው ማለት የተለያዩ መሆናቸውን መርካቶ ውሎ የሚያድር ሁሉ ያውቀዋል።

የደረጃ ነገርም አለ። ቡና ነጋዴ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያሻውም፤ ያው ቡና ሆኖ ደረጃው ሲወርድ ዋጋውም ይወርዳል። በካርድም ፒኤስኤን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ማዕዘኑን፣ ጠርዙንና ገጽታውን መርምረው ከ1 እስከ 10 ደረጃ ይሰጣሉ፤ በፕላስቲክም ያሽጉታል። በ10 እና በ8 መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሰፊ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን መርማሪው የሚመሰክረው ስለ ወረቀቱ ነው፤ ስለ ተጫዋቹ ትከሻ አይደለም።

ብዛትም ሌላው አደጋ ነው። በአሜሪካ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሰዎች ለልጆቻቸው ትምህርት ይሆናል እያሉ ካርድ በካርቶን ሲያከማቹ፣ አሳታሚዎቹም ያለ ልክ አተሙ። ዛሬ ከዚያ ክምችት አብዛኛው ገዢ የለውም። የማታለሉ ጉዳይም አለ። የታላቁ ጃፓናዊ የሾሄ ኦታኒ አስተርጓሚ የነበረው ኢፔ ሚዙሃራ ከአሠሪው ሒሳብ 17 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰርቆ በ2025 የ57 ወር እስራት ተፈርዶበታል። በክሱ እንደተገለጸው፣ ከዚያ ገንዘብ 325 ሺህ ዶላር ያህል ያዋለው መልሶ ሊሸጠው ባሰበው 1,000 የሚሆን የቤዝቦል ካርድ ላይ ነው። ሌባ ካርድን የመረጠው ለምን እንደሆነ ማሰብ ከገዢ ይጠበቃል፤ በትንሽ ሣጥን ይያዛል፣ ከእጅ ወደ እጅም በቀላሉ ያልፋል።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነበር። «ወንድሜ፣ የቤቱን ገንዘብ አትንካ። ዋጋው ነገ ዜሮ ቢሆን እንኳ ጠረጴዛህ ላይ ልታየው የምትወደውን ያህል ግዛ፤ ከዚያ ያለፈውን ተወው» አልሁት። ጥቂት አጉረምርሞ 12 ሺሁን ትቶ በ800 ዶላር ገዛ። በግንቦት ሳሳኪ ትከሻውን ታመመና ከአራት ወር በላይ ከሜዳ ራቀ። የአክስቴ ልጅ ከካርዶቹ አንዱን ሊሸጥ ሞክሮ የገዛበትን የሚሰጠው አጣ። ያን ዕለት ደውሎ «የቤቱ ብር ቢሆን ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለኝ።

በጥቅምት ሳሳኪ ተመልሶ በጨዋታ መዝጊያ የመጨረሻዎቹን ውርወራዎች ሲወረውር ስልኬ እንደገና ሌሊት ጮኸ። የአክስቴ ልጅ ስለ ዋጋ አንድም ቃል አልተነፈሰም። «አየኸው? ልጁን አየኸው?» ብቻ ነበር የሚለው። ከኋላው የሚስቱ ሣቅ ይሰማ ነበር።

የእኔ አስተያየት ግልጽ ነው። የጃፓንና የኮሪያ ካርድ መሰብሰብ የሰውን ሥራ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ለመከታተል ለሚወድ ጥሩ ጨዋታ ነው፤ ለጨዋታ የሚወጣ ገንዘብም ይገባዋል። ቁጠባ ግን አይደለም። ከመግዛታችሁ በፊት ስንት ታተመ፣ ደረጃውን ማን ሰጠው፣ ልሸጠው ብል በአንድ ሳምንት ውስጥ ማን ይገዛኛል ብላችሁ ጠይቁ። ለሦስተኛው መልስ የሌለው ሰው፣ ካርድም ይሁን ሌላ ዕቃ፣ የገዛው ሀብት ሳይሆን ተስፋ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሏል፤ በዚህ ገበያ ግን ያፈሰሱትን መልቀሙም አያስተማምንም።