ስለ ኩሬ ዓሣ ጤናና ስለ መልካም ባክቴሪያ

በኩሬ ዓሣ ማርባት ለባለ መሬቱ ምግብም ገንዘብም የሚያስገኝ ሥራ ነው፤ ዳሩ ግን በሽታ የገባበት እንደ ሆነ በጥቂት ቀን የዓመቱን ድካም ከንቱ ያደርገዋል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው የሚቸኵለው አንቲባዮቲክ የተባለውን መድኃኒት በመኖ ለውሶ ለመስጠት ነው። ይህ ልማድ ሳይሰፋ ሹማምንት ሊያስቡበት ይገባል።

መድኃኒቱ ክፉውንና ደጉን ባክቴሪያ ሳይለይ ይፈጃል፤ ከሞት የተረፈውም ክፉ ባክቴሪያ መድኃኒቱን ይለምድና የሰውን በሽታ እንኳ ለማከም ያስቸግራል። ስለዚህ የአውሮፓ ኅብረት፣ እንስሳት ቶሎ እንዲፋፉ ተብሎ አንቲባዮቲክ በመኖ መስጠትን በፈረንጆች ቍጥር ከ2006 ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ ከለከለ።

በምትኩ የሚሞከረው ዘዴ አሳቡ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ባለሙያ ሴት ሊጡን በመልካም እርሾ ታቦካለች እንጂ በመጣው ሁሉ እንዲኮመጥጥ አትተወውም። እንዲሁም ፕሮባዮቲክ የተባሉት መልካም ባክቴሪያዎች ከመኖ ጋራ ሲሰጡ በዓሣው አንጀት ስፍራ ይይዛሉ፤ የክፉውን ምግብ ይሻማሉ፤ ክፉውን የሚገታ አሲድ ያወጣሉ፤ መኖው እንዲፈጭ ይረዳሉ፤ የዓሣውንም የመከላከል ኃይል ያነቃሉ። ቆሮሶ በተባለው ዓሣ ላይ በተደረገው ምርመራ ባሲለስና ላክቶባሲለስ የተባሉት ወገኖች ኤሮሞናስንና ስትሬፕቶኮከስን ለመቋቋም ሲረዱ ታይተዋል።

የሆነ ሆኖ አያያዙን ማወቅ ያስፈልጋል። ባሲለስ ሙቀትንና ድርቀትን የሚችል ስፖር አለው፤ ላክቶባሲለስ ግን በሙቀት ይሞታልና የሚለወሰው መኖው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። መስጠቱ ሲቋረጥም አብዛኛውን ጊዜ ከአንጀት ታጥቦ ስለሚወጣ ሳያቋርጡ መስጠት ይገባል። ከሁሉ በላይ ግን ውኃው የከረፋ፣ ዓሣው የተጨናነቀበት ኩሬ በፕሮባዮቲክ አይድንም።

እንግዲህ በየወረዳው ያለ ሹም አስቀድሞ የኩሬውን ውኃና የዓሣውን ብዛት ያስመርምር። ሁለተኛ፣ ፕሮባዮቲክ ሲገዛ የባክቴሪያው ስምና መጠን፣ የሚያበቃበትም ቀን የተጻፈበት መሆኑን ይመልከት። ሦስተኛ፣ መጀመሪያ በአንድ ኩሬ ብቻ ሰጥቶ፣ ሌላውን እንዲሁ ትቶ፣ የሞተውንና ያደገውን በመዝገብ ያስጽፍ። አራተኛ፣ ያለ እንስሳት ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ በኩሬ እንዳይገባ ይከልክል። ምክር የሚያሻውም በሰበታ ካለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ይጠይቅ።

ዓሣው በኩሬው ላይ ከተንሳፈፈ በኋላ መድኃኒት ፍለጋ ከመሮጥ ይልቅ፣ አባቶች እንዳሉት ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሻላል።