ቴኳንዶ፦ ከቀበቶው በፊት ውስጥ እግር ይታይ

በሲድኒ 2000 የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ስፖርት የሆነው ቴኳንዶ ነጥቡ የሚገኘው በአብዛኛው በእግር ነው፤ ጉዳቱም ወደ እግር ያደላል። ታዲያ ኪሎና ቀበቶ ሲጣራ ውስጥ እግርን ማን አየው?

ውስጥ እግሩ ሜዳ የሆነ ስፖርተኛ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። አንዱ እግር ሲማታ ሌላው መላ ሰውነትን ተሸክሞ ስለሚሽከረከር፣ ጫናው ቅልጥምና ጉልበት ላይ ያርፋል። በጣም ጎድጓዳው ደግሞ ግትር ነው፤ ከዝላይ ሲያርፍ ንዝረቱን አያበርድም። በባዶ እግር ስለሚሰራም ጫማ አይታደገውም።

ማጣሪያው ወጪ የለውም፦ እግርን አርጥቦ ወረቀት መርገጥ። ዱካው ሙሉ ከወጣ ሜዳ፣ መሃሉ ከተቆረጠ ጎድጓዳ ነው።

ግን ቅርጹ ብቻውን ጉዳትን አይተነብይም፤ ሜዳ እግር ይዞ ሳይታመም የሚወዳደር ሞልቷል። እግር ይታይ የሚባለው ልጁን ለማባረር ሳይሆን ልምምዱን በልኩ ለመስፋት ነው፦ ባትን ማጠንከር፣ ዝላይን ቀስ በቀስ መጨመር፣ ሲያመው ማሳረፍ።