ፒፕ «አይሆንም» ሲላችሁ ስሙት

አሰላ ውስጥ «ፓኬጅ» ስትሉ ሰው የሚረዳችሁ እንደ ዕድሜው ነው። ለእኛ ፓኬጅ ማለት በስልክ የምንገዛው ኢንተርኔት ነው። ለአያቴ ግን ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ እዚሁ የተጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ሰዉ «ካዱ» የሚለው፣ ቃሉን ለአርሲ ገበሬ ካስለመደው ጊዜ ጀምሮ። እኔ ዛሬ የማወራው ስለ ሦስተኛው ነው፤ ኮምፒውተርና ስልክ ላይ ስለሚጫነው። እሱ ነው ከዘመድ ያጣላኝ።

ያኔ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነበርኩ። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ ስንዴ ዋጋ ስለነበር የዋጋውን ቁጥር በፓይተን ለመሥራት እየተፍጨረጨርኩ ነው። ላፕቶፑ የእኔ ብቻ አይደለም፤ ከሁለት የአክስቴ ልጆች ጋር ለሦስት የምንጠቀምበት፣ ኡቡንቱ 20.04 የተጫነበት አሮጌ ዕቃ ነው። አንድ ምሽት አንድ ላይብረሪ አልሠራ ሲለኝ ከአንድ የቴሌግራም ግሩፕ «ሱዶ ፒፕ» ብሎ የሚጀምር ትእዛዝ ኮፒ አድርጌ ለጠፍኩ። «ሱዶ» ማለት እኔ የቤቱ ባለቤት ነኝ፣ አትከልክለኝ ማለት ነው። አልከለከለኝም።

ምን እንደተፈጠረ የገባኝ ቆይቶ ነው። የእድር ዕቃ ቤት አስቡ። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት ጋሼ ደብተር አላቸው፤ የትኛው ድስት ከየትኛው ክዳን ጋር እንደሚሄድ፣ ምን መቼ እንደገባ ተጽፏል። ኡቡንቱ ላይ እኚህ ጋሼ «አፕት» ይባላሉ። ቀስ ያሉ ናቸው፣ ዕቃቸውም ትንሽ አሮጌ ነው፣ ግን ያስቀመጡት ሁሉ እርስ በርሱ ይገጥማል። ፒፕ ደግሞ ከመርካቶ የመጣ ፈጣን ልጅ ነው። አዲስ የወጣውን ድስት ይዞ ከች ይላል፣ ከአሮጌው ፊት ይደረድረዋል፣ የጋሼን ደብተር ግን አይነካም። ለቅሶ የመጣ ቀን ክዳኑ አይገጥምም።

የእኔው ድስት «ክሪፕቶግራፊ» የሚባል የምስጠራ ላይብረሪ ነበር። ፒፕ አዲሱን አመጣ፤ ከእሱ ጋር የሚሠራውና አፕት ያስቀመጠው ሌላው ላይብረሪ ግን አሮጌ እንደሆነ ቀረ። ሁለቱ አልተዋወቁም። ጉዱ ደግሞ ፒፕ ራሱ ሁለቱን ይፈልጋቸዋል፤ ስለዚህ ያበላሸውን እንዲያነሳ ስጠራው እሱም አልነሳም አለ።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ በአንድ ሰዓት ይስተካከል ነበር። አላቆምኩም። «ችግሩ ፓይተን ነው፣ አጥፍቼ እንደገና ልጫነው» ብዬ ፓይተንን እንዲያነሳ አፕትን አዘዝኩት። የሚጠፉትን ነገሮች ረጅም ዝርዝር አሳየኝና እርግጠኛ ነህ ወይ አለኝ። ማን ያነባል? አዎ አልኩ። ለካ የኡቡንቱ የራሱ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ፓይተን ላይ የቆሙ ናቸው። ፓይተንን ሲነቅል ዴስክቶፑንም ይዞት ሄደ። ላፕቶፑን አጥፍቼ ሳበራው ጥቁር ስክሪንና ነጭ ጽሑፍ ብቻ።

ፋይሎቹ አልጠፉም። ግን ኡቡንቱን እንደገና ለመጫን 3 ጊጋባይት ገደማ ማውረድ ነበረብኝ፤ ብሩንም ሌሊቱንም ቁጠሩት። የአክስቴ ልጅ ደግሞ በማግስቱ የምታስገባው ወረቀት እዚያ ውስጥ ነበር። ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብላ ከትዝታዋ ጻፈችው፤ በማዘግየቷም ማርክ ተቀነሰባት። «ያ ፒፕህ ይጻፍልኝ በለው» ያለችኝን እስካሁን አልረሳሁም።

ይህ የእኔ ብቻ ስንፍና ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩት። በዓለም ዙሪያ ስንቱ በዚህ መንገድ ሲያልፍ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 «ፔፕ 668» የሚባል ሐሳብ ለፓይተን ማኅበረሰብ ቀረበ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ሲስተሙ ፓይተን ያለበት ቦታ ላይ አንድ ምልክት ፋይል ያስቀምጣል፣ ፒፕ ያንን ሲያይ አልጭንም ብሎ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ2023 ኡቡንቱ 23.04 እና ዴቢያን 12 ተቀበሉት። ዛሬ ኡቡንቱ 24.04 ላይ ፒፕን በባዶው ብትሞክሩ «ኤክስተርናሊ ማኔጅድ» የሚል ረጅም ጽሑፍ ይመጣል፤ ይህ ቦታ ሌላ አስተዳዳሪ አለው ማለቱ ነው። (እኔ መጀመሪያ ሳየው ስለ ኤክስተርናሊቲ የሚያወራ መስሎኝ ነበር። የትምህርት ጣጣ።)

እና እኛ ምን እናደርጋለን? ግሩፕ ላይ እንጠይቃለን። አንዱ ቶሎ ብሎ «ብሬክ ሲስተም ፓኬጅስ» የሚለውን ጨምርበት ይላል፣ ሃምሳ ሰው ልብ ይሰጠዋል። አቦ፣ ስሙን እንኳ አንብቡት! «የሲስተሙን ፓኬጆች ስበር» ነው የሚለው። ሠሪዎቹ ሆን ብለው አስፈሪ ስም ሰጡት፣ እኛ እንደ ጸሎት ደገምነው።

አንድ ጓደኛዬ «የራሴ ማሽን ነው፣ ቢሰበርስ?» ይለኛል። የራሱ ላፕቶፕ ላለው ልጅ ይሠራል። እዚህ ግን አንድ ላፕቶፕ የወንድም፣ የእህት፣ አንዳንዴም የሰፈር ነው። ትእዛዙን የለጠፈውና ዋጋውን የሚከፍለው ሰው ይለያያሉ። ኤክስተርናሊቲ ማለትስ ይኼ አይደል? ለካ መጀመሪያ ያነበብኩት ብዙም ስህተት አልነበረም።

ላፕቶፕ የሌላችሁና ተርመክስ ጭናችሁ በስልክ የምትማሩም አታመልጡም። ተርመክስ ላይ ኑምፓይን በፒፕ ከጠራችሁት፣ ለአንድሮይድ የተዘጋጀ አብዛኛውን ጊዜ ስለማያገኝ ከምንጩ ጀምሮ ስልካችሁ ላይ ሊገነባው ይነሳል። ስልኩ ይግላል፣ ባትሪው ያልቃል፣ መጨረሻው ቀይ ጽሑፍ ነው። በተርመክስ በራሱ «ፒኬጂ» ስትጠሩት ግን የተሠራው ይመጣል። ፒፕን በፒፕ ላድስ ካላችሁ ደግሞ ክልክል ነው ብሎ ይመልሳችኋል።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱ «ቬንቭ»፤ ፒፕ የፈለገውን የሚደረድርበት የራሱ ጓዳ ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን የዴቢያንና የኡቡንቱ ሰዎችንም እወቅሳለሁ። ቬንቭ ሥሩ ይሉናል፣ መሥሪያው ግን ለብቻው በአፕት የሚወርድ ሌላ ፓኬጅ ነው። ዳታ ቆጥቦ ለሚማር ልጅ በሩን ዘግቶ ቁልፉን ጎረቤት እንደማስቀመጥ ነው። ቬንቭ ቦታም ይበላል፤ አምስት ሥራ ካላችሁ አንዱን ላይብረሪ አምስት ጊዜ ታስቀምጣላችሁ። ይህን ሁሉ አውቄም ቬንቭን እመርጣለሁ፤ ሲበላሽ ፎልደሩን ደምስሶ እንደገና መጀመር ነው፣ የሰው ወረቀት አይነካም።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ውስጥ ዳታ ሳይንስ አለ። ከዚያ የሚወጣ ልጅ በማግስቱ ፓይተንን የቤት ላፕቶፕ ላይ ሊጭን ይቀመጣል። እናንተ የምታስተምሩ፣ ግሩፕ የምታስተዳድሩ፣ ከመጀመሪያው የኮድ መስመር በፊት ስለ ቬንቭ አሥር ደቂቃ ስጡት። ፒን ያደረጋችሁት መልስ ያ ሰባሪው ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ አንሱት።

የአክስቴ ልጅ አሁን የራሷ ላፕቶፕ አላት። ባለፈው ለአንድ ቀን አውሺኝ ስላት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ፓይተን ልትጭን ነው?» ብላ ነው። ቬንቭ ውስጥ ነው አልኳት። ምን እንደሆነ አላወቀችም፤ አጠገቤ ቁጭ ብላ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።